የመጽሐፉ ልደት

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሥራ። ፋርማሲው ጭር ሲል ምሳዬን በላሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። «በጉባኤ ፊት ስለተናገሩት ኃይለ ቃል በጽሑፍ ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ ከሕፃናት ክፍል ታግደዋል።» እስከ ታኅሣሥ 2 ጊዜ ሰጥተውኛል።

ኃይለ ቃሌ ምን ነበር? «መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለቴ። ሦስት ዓመት ልጆቹን ፊደል ያስተማርኩበትን ጽሑፍ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሀብተ ጊዮርጊስ ወስዶ አሳተመው። ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ሀብተ ጊዮርጊስ»። የእኔ ስም የምስጋናው ገጽ ላይ እንኳን የለም።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን አልልም።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

እቴቴ ገንዘብ የምንላት አክስቴ ይቅርታውን እንድጽፍ ስትለምነኝ ዋለች። «ሐመልማል፣ አንድ መስመር ጽፈሽ ብትገላገይ ምን አለበት? ሽማግሌ ናቸው።» ለሽማግሌ መስረቅ ይፈቀዳል ወይ አልኳት። መቁጠሪያዋን አንስታ ክፍሏ ገባች።

ልጆቹ ግን... እዚሁ ፈረንጅ አገር የተወለደችው ተማሪዬ ኖላዊት በእናቷ ስልክ ኮል አድርጋ «ዌር አር ዩ?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምን ልበላት? ካልፈረምኩ የማጣው እነሱን ነው።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

አብራኝ የምትሠራው ሕንዳዊቷ ሱማቲ ቅዳሜ መቅደሳቸው እንድሄድ ጋበዘችኝ። የቅዱስ መጽሐፋቸው ልደት ነው አለች። መጽሐፍ ይወለዳል? ይወለዳል። ለጦርነት ተሰልፎ ቀስቱን ለጣለ፣ ለተጨነቀ አንድ ተዋጊ አምላክ የተናገረበት ቀን ነው።

መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ «ለምን?» ያለ ተዋጊ... ወደድኩት።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

በር ላይ የረጠበ ጫማ ተደርድሯል። አውልቄ ገባሁ፤ ይኼ እንግዳ አልሆነብኝም። አንድ አዛውንት መጽሐፉን በቀይ ሐር ጠቅልለው፣ በራሳቸው ላይ ተሸክመው መጡ። ሕዝቡ ተነሣ። አጠገቤ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ለሰው ሁሉ አቀረቡት። ሳላስበው ተሳለምኩት። እንደ ወንጌል፣ በከንፈሬ።

ወዲያው ገባኝ። ሌሎቹ በእጃቸው ነክተው ግንባራቸውን ነው የሚዳስሱት። የሳመ የለም። ፊቴ ጋለ። አዛውንቱ ግን ፈገግ ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ሱማቲ በጆሮዬ «አያቴ እንዲህ ስትስሚው ብታይሽ ትቀናብሽ ነበር» አለችኝ።

ለእቴቴ አልነግራትም።

ከዚያ ንባቡ። ሰባት መቶ አንቀጽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አብዛኛው በቃል። አንዱ ሲጠፋበት አዳራሹ በሙሉ ያነሣለታል። የሚስቅ የለም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ልማድ... ተራው የደረሰ ሁሉ ከማንበቡ በፊት ያስተማረውን ሰው ስም ይጠራል። አንዲት ትንሽ ልጅ አያቷን ጠራች፤ አያትየዋ ሕንድ ሆነው በስልክ እያዳመጡ ነበር። እናቷ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሱማቲ ትልቅ መሐንዲስ ነው ያለችኝ ሰውዬ «እኔን ያስተማረኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው» አለ። ሕዝቡ ለልብስ ሰፊው እጅ ነሣ።

ሀብተ ጊዮርጊስ እዚህ ቢቆም ማንን ይጠራ ነበር? ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

እኔስ?

እማሆይ ውብአየሁ። ደብረ ብርሃን፣ ከቤታችን ጀርባ። ዓይናችንን ያስጨፍኑንና ፊደሉን በጣታቸው መዳፋችን ላይ ይጽፋሉ። «ይቺ ማን ናት?» ይሉናል። የእኔ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ይኸው ነው። ስማቸውን የትም አልጻፍኩም። ረስቻቸው አይደለም እኮ። መጻፍ እንዳለብኝ አላሰብኩም... ይኼ ይብሳል?

በመጨረሻ ምግብ ቀረበ። እነሱ ዛሬ እህል አይበሉም፤ እኔ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ፣ ወተትና ቅቤ የለም። ሱማቲና እኔ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አይተን ለሁለታችንም የሚሆን ሙዝና ኦቾሎኒ አገኘን። ከሳቃችን ጋር ጠገብን።

ታኅሣሥ 2፣ እሑድ

ደብዳቤዬን ሰጠሁ። የጉባኤው ሰብሳቢ ጮክ ብለው አነበቡት። «ዳግመኛ ሲታተም እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። ያስተማሩት እማሆይ ውብአየሁ። የጻፈችው ሐመልማል። ማተሚያ ቤት ያደረሰው ሀብተ ጊዮርጊስ። ይቅርታ የምጠይቀው እማሆይን ብቻ ነው።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ቀላ። «ይህች ልጅ አሁንም ትዘልፈኛለች» አለ።

«ኧረ እኔስ አንቱ ማለቱንም አልተውኩም» አልኩት።

እገዳው ጸና። ወጣሁ። መኪና ውስጥ እቴቴ ገንዘብ አጠገቤ ተቀመጠች። ቁጣዋን ስጠብቅ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«እኔንም እኮ እማሆይ ናቸው ያስተማሩኝ» አለች።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ሌክ ሲቲ፣ የሰፈራችን ላይብረሪ ትንሿ ክፍል። አምስት ልጆች። ወላጆቻቸውን እየዞረች ያሳመነችው እቴቴ ገንዘብ ናት።

ከመጀመራችን በፊት «ያስተማራችሁን ሰው ስም ጥሩ» አልኳቸው። ኖላዊት እኔን ጠራች። ቀጠለች፣ «ኤንድ አንቺን?»

«እማሆይ ውብአየሁ።»

«እሳቸውንስ?»

አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት።

እቴቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «አባታቸው ናቸዋ» አለች፤ «መሪጌታ ተክለ ጻድቅ። ዓይነ ስውር ነበሩ።»

ዓይነ ስውር... ለካ መዳፍ ላይ የሚጻፈው ለዚህ ኖሯል።

ኖላዊት ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። መጀመሪያ የተክለ ጻድቅን «ተ» ጻፍኩላት።