ስለ «ካምፓኒ» ለጠየቁኝ

ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የአዋሽ ነፋስ ደረትዎን ተወልዎት ወይስ ዛሬም ያስልዎታል? እማማስ ስኳሩ ቀነሰላት? እኔ አምላክ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ከባቡሩ ሥራ በጡረታ ከወጡ ወዲህ እንግሊዝኛ ካልተማርኩ ማለትዎ ያስቀኛል፤ ጎረምሳ እንኳ እንደርስዎ አይተጋም። «ካምፓኒ» ምን ማለት ነው፣ ከየትስ መጣ ብለው ስለጠየቁኝ፣ ቅዳሜ በባጃጅ ሰመራ ሄጄ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ዛሬ የንግድ ድርጅት ማለት ነው፤ በወታደር ቤት ሻምበል ነው፤ ከሰው ጋር አብሮ መሆንም ካምፓኒ ይባላል። መነሻው ላቲን ሲሆን «አብሮ» እና «ዳቦ» የሚሉ ቃላት ተጋጥመው ዳቦ አብሮ የሚበላ ሰው ማለት ነበር። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ኩባንያ ያሉትም በጣሊያን በኩል የመጣ ዘመዱ ነው። የእኛው ባልንጀራ፣ ባለ እንጀራ ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ተቀመጥኩ።

ለምን ቢሉ፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ቦጋለችን ልጅ፣ ተገኘን፣ ከሥራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሎጊያ ያለው የጭነት መኪና ካምፓኒያችን ሥራ ቀዝቅዞበት ሰባት ሰው ይቀነስ ተባለ። ጸሐፊ ነኝና ሥራ አስኪያጁ ስሞቹን አንተ ጻፍ አለኝ። ስድስቱን ጻፍኩ። ሰባተኛው ከቢሮ ሰው ይሁን ስለተባለ ወይ እኔ ወይ ተገኘ ነበርን። እዚህ ሥራ እጄን ይዞ ያስገባኝ እሱ መሆኑን ያውቃሉ። የእሱን ጻፍኩ።

ዝርዝሩ በእጅ ጽሑፌ በተለጠፈ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ወትሯችን ከጋራዡ ሰዎች ጋር አንድ ትሪ ከበብን። ጠቅልዬ ተገኘን ላጎርሰው እጄን ዘረጋሁ። ጉርሻውን ከእጄ ተቀብሎ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው፤ እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ከእኔ ጋር አይቀርቡም፤ ጥግ ይዤ ለብቻዬ እበላለሁ። ምሳ የምንበላበት ምግብ ቤት ባለቤት ሰዓዳ፣ ወንድሜ ሰብር አድርግ፣ ታገስ፣ አላህ ያስታርቃችኋል አለችኝ። እኔ ግን አይመስለኝም። ቦታዬን ልልቀቅለት ብዬ ሥራ አስኪያጁን ብለምነው፣ ያንተም መደብ በጥር ይዘጋል አለኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አባባ። ሽማግሌ ብልክስ ምን ይዘው ይለምኑልኛል?

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። እህቴ ኤፍራታ ለፈተናዋ ትበርታ፤ የሬዲዮኑንም ድምፅ ትቀንስልዎት። አጎቴ ሀብተ ሥላሴን ከነቤተሰቡ ሰላም ይበሉልኝ።

ለእትዬ ቦጋለች በየደብዳቤው ሰላምታ እልክ ነበር። አሁን ተገኘ እሷ ዘንድ ተመልሷል። ያደረግኩትን አልነገራት ይሆናል፤ ሰላም ብሎሻል ቢሏት እሱ ፊት ቆማ ትመርቀኛለች። ስለዚህ ምንም አይበሏት።

ልጅዎ ራጉኤል
ሎጊያ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.