የሞይራ ካርዶች

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለጋሽ ጄራርድ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የአልበርታ ብርድ ጉልበትህን አልቆረጠመውም? ጀርባህስ ተሻለህ? የሥራ ካምፓችሁ ምግብ አብሳይ ልብ ገዛ ወይስ ያው ነው? እኛ አለን። እማዬ አለች፣ አባዬም መረቡን እየጠገነ አለ። አለን ስል አንድ ጎደሎ እንደምቆጥር አንተም ታውቃለህ። ይህን የምጽፍልህን ነገር በስልክ ያልነገርኩህ ድምፄ ስለሚከዳኝ ነው።

የነርስነት ትምህርት አብረን ስንጀምር እህታችን ሞይራ ታናሼ ሆና ሳለ ለሁለታችንም የምታስበው እሷ ነበረች። እኔ ደብተሬን አውቶቡስ ውስጥ ስረሳ፣ እሷ በነፃ የሚገኘውን ሁሉ ከኢንተርኔት ለቃቅማ ስልኬን ሞላችው፤ የጋራ የቀን መቁጠሪያ፣ የሥራ ዝርዝር፣ ከሁሉም በላይ የጥያቄ ካርዶች። ጥያቄውንም መልሱንም በገዛ ድምጿ ነው የቀዳችው። «ኮሊን፣ ልብ ስንት ክፍል አላት?» ትላለች። ካርዱን ስገለብጠው ደግሞ «አራት! ያንቺን ግን ያ የሆኪ ተጫዋች ሁሉንም ተከራይቷቸዋል» ብላ ትስቃለች።

የካርዶቹ ሕግ ቀላል ነው። «አውቄዋለሁ» ካልክ ካርዱ ለሳምንት ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ለወር፣ ከዚያም ለአራት ወር። «አላወቅሁም» ካልክ ግን በነጋታው ይመለሳል፤ አሮጌው ሳያልቅም አዲስ አይመጣም። በጥቅምት ያ ትልቅ አጋዘን አውራ ጎዳናው ላይ መኪናዋ ፊት ከተደነቀረና ሞይራን ከቀበርናት ወዲህ፣ እኔ «አውቄዋለሁ» ብዬ አላውቅም። መልሱን እንደ ውሃ ጠጥቼው ሳለ «አላወቅሁም» እላለሁ፤ እሷም በነጋታው ትመጣለች፣ እየቀለደች፣ እየተሳደበች፣ ጉንፋን እንደያዛት። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው «ዛሬ ከሞይራ ጋር ጥናት፣ እንዳትቀሪ አንቺ ሰነፍ» ይለኛል። እፈራዋለሁ፤ ግን እጠብቀዋለሁ።

በቀደም እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ የሞይራ ድምፅ ከክፍሌ ተሰማት። «ሞይራ፣ ነይ እንጂ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ!» አለች እንደ ወትሮዋ። ከዚያ የምትከትፍበት ድምፅ ቆመ። ስወጣ ፊቷ አመድ መስሎ «ልጄን በየቀኑ አትቀስቅሻት፤ ተያት ትረፍ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን ወይዘሮ ፓይክ የሙከራ ፈተናዬን ይዘው ጠሩኝ። «ስለ ልብ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ ስለ ኩላሊት ግን ባዶ! ምን ነካሽ ልጄ? ዋናው ፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ አንዴ ወድቀሻል፣ አሁን ከወደቅሽ ያበቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሮጌዎቹ ካርዶች በየቀኑ ስለሚመለሱ አዲሶቹ ተራ አላገኙም። ሞይራ ስለ ኩላሊት የቀዳችውን አንዱንም አልሰማሁትም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ከበረዶ ባልወጣችው የአባዬ ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ የልብን ካርዶች አንድ በአንድ «አውቄዋለሁ» እያልኩ ሸኘኋቸው። ጋሽዬ፣ በገዛ ጣቴ ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ። ከዚያ አዲሶቹ መጡ፤ አርባ አንድ ናቸው። ሰምቼው የማላውቀው ቀልድ፣ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ። ከአምስት ወር በኋላ እህቴ አዲስ ነገር ነገረችኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

በአርባ አንደኛው ካርድ ላይ «ኮሊን፣ ኩላሊት ሥራ ሲያቆም መጀመሪያ ምን ታያለሽ?» ብላ ጠየቀች። ገለበጥኩት። ዝም። መልስ አልተቀዳበትም። ቀኑን ባየው የአደጋው ዕለት ጠዋት ነው። እንደ ሞኝ ጠበቅኋት። በመጨረሻ መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩና «ሽንት ይቀንሳል፣ እግር ያብጣል» ብዬ መልሱን በራሴ ድምፅ ቀዳሁበት።

እስከ ማክሰኞ ድረስ አርባ አንዱንም «አውቄዋለሁ» ብዬ ጨረስኩ። ፈተናውን የማልፍ ይመስለኛል፤ አንተም ጸልይልኝ።

እማዬ ደረቱን ይሸፍን ትልሃለች። አባዬ ጀልባዋን ቀለም የምንቀባው አንተ ስትመጣ ነው ይላል። አክስት ቬራና ውሻው ሳይቀሩ ሰላም ይሉሃል። እኔም አንገትህን አቅፌ ስሜሃለሁ። ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት «ለዛሬ የሚጠየቅ የለም» አለኝ። ቤቱ እንዲህ ጭር ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እህትህ ኮሊን
ዊልተን ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ማርች 20 ቀን 2019