ብር ብዬ የማልጠራቸው ሁለት ሳንቲሞች

ቢስሚላህ። እኔ ቢሻሮ ዋበሪ፣ የጅግጅጋ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት፣ አካሌ ቢዝልም ልቡናዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር በኃይሉ ነው። ረጋ በይ ይለኛል፤ መርጋት ለጤነኛ ሰው ነው።

ቤቱና ሱቁ ለልጆቼ ለዐብዲፈታህና ለሱዓድ በሸሪዓው ድርሻ ይከፈል። በዚህ አትነታረኩ። ከጎረቤቴ ከአመለወርቅ የተዋስኩት ሙቀጫ ዛሬውኑ ይመለስላት፤ ሰው ከሞተ በኋላ ዕቃ ባለቤቱን ይረሳል።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልግባ። በሻይ ቅጠሉ ጣሳ ውስጥ ሁለት የጥንት የሮማ ሳንቲሞች አሉ። ሟች እህቴ ፋይሶ ከሐርጌሳው ጦርነት ስትሸሽ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ያመጣቻቸው ናቸው። በአንደኛው ላይ ዱላውን የተደገፈ ጡንቻማ ሰው፣ በሌላው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ምሰሶ የተደገፈች ሴት አለች። ልብሷ ከወገቧ ወርዷል፤ አላህ ይሸፍናት። በኃይሉ እንዳስረዳኝ ሁለቱም በዘመናቸው ስማቸው የገነነ ሐውልቶች ምስል ናቸው፤ ድንጋዩ ቢሰበር፣ ቢጠፋም አቋሙ በሳንቲሙ ላይ ቀርቷል።

ልጆች እያሉኝ የእህቴ ልጅ አትወርሰኝም፤ እስከ ሲሶው ድረስ ግን ለወደድኩት የመናዘዝ መብት አለኝ። ስለዚህ ሁለቱም ሳንቲሞች ፋይሶ ለወለደቻት፣ እኔ ላሳደግኋት ለናስትሆ ይሰጡ።

ይህንኑ ባለፈው ክረምት በትኩሳት ተይዤ ሳለሁ ተናግሬ ነበር። የምታስታምመኝ አመለወርቅ ስለነበረች፣ ሳንቲሞቹም ከብር የተሠሩ ስለሆኑ፣ በአማርኛ “ብሮቹን ለናስትሆ ስጡ” አልኩ። እሷ ከትራሴ ሥር የነበረውን የወረቀት ብር አውጥታ ሰጠቻት። ልጄ ዐብዲፈታህ ደግሞ ቃሉን በሶማልኛ ጆሮው ሰማው፤ በእኛ ቋንቋ ቢር ማለት ብረት ነው። በማግስቱ የጓሮውን ዝገት ሁሉ በጋሪ ጭኖ በሯ ላይ ዘረገፈላት። ናስትሆ የተሳለቅንባት መስሏት ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። የብሩን ማዕድን በሶማልኛ ስሙ ቀሊን እንዳልል ቃሉ እስክሪብቶም ማለት ነው፤ እሱን ገዝቶ ይልክላታል። በኃይሉ፣ ሳንቲሞች ብለህ ጻፍ፣ ምስላቸውንም ከሥሩ ሣልበት።

ዐብዲፈታህ፣ አንጥረኛ ዘንድ ወስደህ ለሚስትህ አምባር ልታሠራቸው ማሰብህን ሰምቻለሁ። ጣሳውን ከቦታ ቦታ ሳዘዋውር የምውለው ለዚህ ነው። እወድሃለሁ፤ ብታቀልጣቸው ግን አውፍ አልልህም።

ናስትሆ፣ እናትሽ ስትሞት ገና ጡት አልጣልሽም ነበር። ምን ትመስል ነበር እያልሽ ስትጠይቂኝ የማሳይሽ ፎቶ አልነበረኝም። ፋይሶ አውበሬ መጠለያ ሳለች የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ የሐርጌሳን መንገድ ስታይ ትውል ነበር። የሳንቲሟ ሴት አቋም ይኸው ነው። ፊቷን አትፈልጊ፤ እኔም የማስታውሰው ጀርባዋን ነው።

ይህ ቃል በምስክሮች ፊት ተነቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ የቀኝ አውራ ጣቴን አሻራ አኑሬበታለሁ።

ምስክሮች፦
በኃይሉ ንብረት፣ የጻፍኩና ምስሉን የሣልኩ
ማሃሙድ ኤልሚ
ዐብዲሓኪም ማሃሙድ
አመለወርቅ ተክለማርያም፣ አሁን በትክክል የሰማሁ፤ ጣሳውንም ለናስትሆ ላደርስ ተቀብያለሁ