የውሃው ጥፋት አልነበረም

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

መልስ ለነፈገችኝ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ አልልሽም። የምጽፍልሽ ከላቦራቶሪው ማጠቢያ ክፍል፣ ብልቃጥ የማደርቅበት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። የሰማሁትን ይዤ ቤት እስክገባ መቆየት አልቻልኩም።

ጠዋት ወጣቷ ባለሙያ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራ ብቻዋን ትስቃለች። ምን አገኘሽ አልኳት።

"ኑ እማማ፣ ይቺን ሌባ ይዩልኝ! ባለፈው ሳምንት የያዛት ቀለም ዛሬ አልይዛት አለ። ልብሷን ቀይራለች።"

"ጀርምም ቅያሪ አለው? እኔ እንኳ የለኝ!" ብዬ ሳቅሁ።

አስረዳችኝ። ይህች ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ገላዋን እንደ ልብስ የምትሸፍንበት ፕሮቲን አላት። የብዙ ልብስ ትእዛዝ ዘረመሏ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዱን ብቻ ከፍታ ሌላውን ትዘጋለች። ደማችን ያን ልብስ የለበሱትን ለይቶ ሲፈጃቸው ትኩሳቱ ይበርዳል። ሌላ ልብስ የከፈተች አንዲት ካመለጠች ግን ራሷን አባዝታ በሳምንቱ ትመለሳለች።

"የሚያገረሽ ትኩሳት የሚሉት ይሄ ነው" አለችኝ።

የማደርቀው ብልቃጥ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

"ትኩሳት የለቀቀው ልጅ ወንዝ ገብቶ ቢዋኝስ?" አልኳት።

"ውሃው ምን አገባው፣ እማማ? ባይዋኝም ይመለስበታል። የሚያቆመው መድኃኒት ብቻ ነው።"

ስብርባሪውን ለቀምኩ።

ልጄ፣ ፌንጣ የምንለውን ወንድምሽን ትኩሳቱ በለቀቀው ቀን ወንዝ ይዘሽው ወረድሽ። በሳምንቱ አገረሸበትና አጣነው። እኔም ለቀስተኛ ፊት "ወንድምሽን የበላሽው አንቺ ነሽ" አልኩሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ቀና ብዬ አላየሁሽም። ይኸው አራት ዓመት።

ግን ያን ዕለት፣ ወንዝ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ጫማውን አስረሽለት በር ላይ ቆመሽ ነበር። "የለቀቀውም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይታይ" አልሽ። "ደህና የሆነን ልጅ ምን ያንከራትተዋል" ብሎ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን የፈታ ሰው ነበረ። ያን ሰው ታውቂዋለሽ። ስሰድብሽ እንኳ ለማንም አልተናገርሽም።

ነይ አልልሽም። ብትሰድቢኝም ግን ጻፊልኝ። በሄድሽበት ሁሉ መንገዱ ይቅናሽ። ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው ይስጥሽ፤ እኔ አልሆንኩልሽም።

ማሰሪያውን የፈታችው
እናትሽ