የእንሶስላ አበባ መልኩ ምን ይሆን? የወ/ሮ ሀረገወይን ሰብስቤ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሀረገወይን ከአባታቸው ከአቶ ሰብስቤ ነጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉ ረታ በ1967 ዓ.ም. ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ከጫካ ጥግ ተወለዱ። በዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲማሩ መምህራኖቻቸው፣ ኧረ የዚህች ልጅ ጥያቄ! እያሉ ይስቁ ነበር። እናታቸው ለተሰነጠቀ እጅና እግር፣ ለጥፍርም ጌጥ፣ የእንሶስላ ሥር ከጫካ ቆፍረው ያመጣሉ። ሥሩ የሚቆፈረው አበባው ከረገፈ በኋላ ነው፤ አበባው በሚፈነዳበት በክረምት ደግሞ ሴት ልጅ ጫካ አትላክም። ወ/ሮ ሀረገወይን ስለ አበባው መልክ ሲጠይቁ እናት፣ እኛ የምናውቀው ሥሩን ነው ብለው ዘጉት። እርሳቸው ግን አልረሱትም።

በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ሙሉዓለም ታረቀኝ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን እዮብን ወለዱ። ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ ልጃቸውን ለማስተማር በ2002 ዓ.ም. ኩዌት ገብተው ሚሽሪፍ በተባለ ሰፈር በአንድ ቤት በቤት ሠራተኝነት እስከ መጨረሻው ሠሩ።

ኮሮና ሲመጣ ጠዋት ማታ በረኪና ሆነና እጃቸው ተላጠ። ከአገር ቤት ያስመጡትን እንሶስላ ወቅጠው አሰሩበት። አሠሪያቸው ማዳም የቀላውን መዳፍ ሲያዩ የሙሽራ ሒና መስሏቸው፣ በዚህ ሰዓት እላፊ ማን አገባሽ ብለው ደነገጡ! ቤቱ በሣቅ ሞላ።

የተረፉትን ሥሮች ግን፣ አበባውን ሳላይማ አልወቅጣቸውም ብለው በባልዲ ተከሉ፤ ከኤሲው የሚንጠባጠበውንም ውሃ አጠጡ። ከሙቀቱ የተረፈው አንዱ ብቻ ነው። ቀይ የሚያቀልም ሥር አበባውም ቀይ ነው እያሉ፣ እዚያው ኩዌት ኸይጣን ሰፈር ከምትኖረው ከእህታቸው ልጅ ከፅዮን ጋር ይከራከሩ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ እንቡጥ ሲይዝ፣ ጽዳት የምትሠራው የፅዮን እጅ ተሰነጣጥቆ ደማ። ወ/ሮ ሀረገወይን ባልዲውን ገለበጡ፤ ግማሹን ሥር ወቅጠው ለፅዮን አሰሩላት፣ ግማሹን መልሰው ቀበሩት። አይ ሆዳቸው! እንቡጡ ረገፈ፤ የፅዮን እጅ ግን ዳነ።

ጥር ላይ በኮሮና ታመው ሆስፒታል ገቡ። ስልክ ሲደወልላቸው የሚያስቀድሙት የባልዲውን ነገር ነበር። ጥር 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው እዮብ፣ እህታቸው ወ/ሮ ሰብለወንጌል፣ ፅዮንና ወዳጆቻቸው ሐዘናቸው መሪር ነው።

ባረፉ ማግስት ማዳም ከሚሽሪፍ የባልዲውን ፎቶ ልከውልናል፤ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። አበባው ጉሮሮው ላይ ብቻ ሐምራዊ ጣል ጣል ብሎበታል። መሐሪው አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

እትዬ ሀረገወይን፣ ነጭ ነው።