እጅ የማይነካት ኳስ

ለእትዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የኮታ ባሩ ዝናብስ ጋብ አለላችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ቤቱ ጎርፉን ችሎ ቆሟል፤ ዳክዬዎቹም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

እትዬ፣ ቀንቼብሻለሁ። ይኸው ወጣልኝ! ሱሐይላን ዘጠኝ ወር በሆዴ የተሸከምኳት እኔ፤ ስትናከስ፣ ስትደባደብ፣ ከየትምህርት ቤቱ ስትባረር ከየደጃፉ የሰበሰብኳት እኔ። አንቺ ጠባያቸው ላስቸገረ ልጆች ስፖርት ስላስተማርሽ አንቺ ጋ በኖረችበት በአንድ ዓመት አለዘብሻትና ስሙን ወሰድሽው። ለእረፍት ስትመጣ ጎረቤቴ ማክ ያም፣ “ውይ፣ ምን የመሰለች ጨዋ! አክስቷ ናት እንዴ የወለደቻት?” አለችኝ። ሳቅሁላት፤ አንጀቴ ግን አረረ። በስልክ “ከእንግዲህ አልመልሳትም፣ እዚሁ እኔው ጋ ትማራለች” ብዬ የዘጋሁብሽ ለዚህ ነው።

ልጅቷ ወሬዋ ሁሉ አንቺ ነሽ። ምን ተዳዬ፣ እኔም እጫወታለሁ ብዬ የሳሮንግ ሽርጤን ሰብስቤ ያቺን ከሐረግ የተጎነጎነች ኳሷን ልለጋ ስል ጭቃው ላይ በቂጤ ቁጭ! “እማ፣ አክስቴ እኮ አትወድቅም” አትለኝም? ተናድጄ ኳሷን በእጄ አንስቼ ወረወርኩላት። “እጅ ነው! በእጅ ከነኩ ነጥቡ የሌላው ነው” ብላ በሳቅ ፈረሰች። በመጀመሪያው ቀን ያስተማርሻቸው ይህንኑ ብቻ ነው አሉ።

ማክሰኞ ደግሞ ኳሷ በመስኮት ገብታ የቡዱ ማሰሮዬን ገለበጠችው። ወጥ ቤቱ በዓሳ መረቅ ታጠበ። ደሜ ፈላ፤ እንደ ድሮው እጄ ተነሳ። ትሸሻለች ወይ ትነክሰኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ እቴ! ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ “እጅ ነው፣ እማ። ነጥቡ የኔ ነው” አለችኝ።

እትዬ፣ የተነሳውን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

በስልክ ያልኩሽን ተይው። እሁድ በጠዋቱ አውቶብስ ትመጣለች፤ ወጥተሽ ተቀበያት። ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስልሽ፤ አሁንም ስምሽን ስትጠራ ያንገበግበኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትስቂብኝ። በዚያ ክፍልሽ እናቶችን ትቀበያለሽ?

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ቤትሽን በረካ ይሙላው።

ታናሽ እህትሽ