ከለስላሳው ጎን ያለው ቢጫ ጠርሙስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1988

ጎረቤቴ ኛሙዎን ዛሬም አልተነሳችም። የወባውን ክሎሮኪን ውጣ ጨረሰች፣ ትኩሳቱ ግን ተመልሶ መጣ። ጡቷም እየደረቀ ነው። ሕፃኗ ኛዴንግ ስታለቅስ እኔ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ባሏ ቾል ወርቅ ሊቆፍር ዲማ እንደሄደ ነው... ማን ይንገረው? አጥሚት ወስጄላት ሁለቴ እንኳ አልተጎነጨችም።

ክሊኒክም ወስጃት ነበር። ደሟን በማይክሮስኮፕ አይተው፣ “የቀረው ወባ የሞተ ነው፣ መድኃኒቱ ገድሎታል። ድካም ነው፣ ትብላ” አሉን። በምን አፏ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ምሳ ላይ ተከራዬን ተክሌን ያዝኩት። የወባ ጥናት ላይ ነው የሚሠራው፣ የፑኝዶ ስደተኞች መጠለያ ሰዎችን ደም ይመረምራል። የመሥሪያ ቤታቸው ፍሪጅ ስለተበላሸ ጠርሙሶቹን የኔ የላምባ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን አስቀምጧል። አንዱን ቢጫውን በጥቁር ካልሲ ጠቅልሎ!

“ምንድነው ግን እሱ?”

“ኢንዛይም ነው እትዬ። ዲያፎሬዝ ይባላል። ከባክቴሪያ የወጣ።”

“ባክቴሪያ? ከምሸጠው ለስላሳ ጎን?”

ሳቀብኝ። ባክቴሪያው ራሱ የለም አለ፣ ሥራ የሚሠራለትን ነገር ብቻ ነው ያወጡት። ቢጫ ያደረገው ውስጡ ያለ ቫይታሚን ነው። ብርሃን አይወድም፣ ሙቀት ደግሞ ይገድለዋል። ለካ ካልሲው ለዚያ ነው...

“ደም ውስጥ ያለው ወባ በሕይወት ካለ ሥራ አይፈታም” አለኝ። “ደሙን ከሌሎቹ ፈሳሾች ጋር እቀላቅልና ይሄን ቢጫ ጠብ አደርግበታለሁ። ወባው እየሠራ ከሆነ ሰማያዊ ይሆናል። ከሞተ ግን ሰማያዊ የለም።”

“ማይክሮስኮፑስ?”

“እሱ መኖሩን ነው የሚያሳይሽ። መሞቱን አይነግርሽም።”

እንግዲህ! ለኛሙዎን አድርግላት አልኩት። አንገቱን ደፋ። አለቃው አይፈቅድም፣ ለጥናቱ ሰዎች ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

አለቃው አቶ ጥዑመልሳን ጠርሙሶቹን ሊያይ መጣ። ለምኜው ነበር መጀመሪያ፣ በደንብ ለምኜው።

“ወይዘሮ አልማዜ፣ ጥናት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። መንገድ ላይ ላገኘነው ሁሉ አይዳረስም።”

“መንገድ ላይ አይደለችም፣ አጥሬ ሥር ናት።”

“ደንብ አለው።”

“ፍሪጁስ? ፍሪጁ የኔ፣ ላምባው የኔ። ዛሬ አልሞላም። ቢጫዎ የጋምቤላን ሙቀት ይችለው እንደሆነ አብረን እናያለን።”

“ይሄ እኮ ማስፈራራት ነው!”

“አዎ ነው!”

ፍሪጁን ቆለፍኩና ቁልፉን ጡቴ ሥር ወሸቅኩት። ተክሌ ጫማውን ያያል። ሰውየው በሩን በኃይል ዘግቶት ወጣ።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ለፑኝዶ ሰዎች የተቀመጠ ነው እኮ። ቢበላሽ እነሱ ምን አደረጉኝ? የፍሪጁን እሳት መስኮት ደጋግሜ አያለሁ... ትንሽ ላምባ ቀርቷል። ልሙላ? አልሞላም። ገና ይነዳል። ያቺ ሕፃን ደግሞ ዝም ብላለች፣ ዝምታዋን አልወደድኩትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ጠዋት አለቃው መጣ። “አንድ ጊዜ ብቻ። መዝገብ ላይ አትገባም።”

አትግባ! ሌላ ነገር ከመናገሬ በፊት ላምባውን ሞላሁት።

ኛሙዎንን ደግፈን በረንዳዬ ላይ አስቀመጥናት። “እትዬ አልማዜ፣ እኔ መርፌ በቃኝ” ትላለች። ተክሌ ለማነጻጸር ብሎ የራሱንም ጣት ወጋ። ሁለቱን ደም ጎን ለጎን አደረገ፣ ፈሳሾቹን ጨመረ። መጨረሻ ላይ ቢጫው።

“እትዬ፣ አትተንፍሺበት።”

የተክሌ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። የሷ ጠየም አለ... ከዚያ ሰማያዊ! እንደ ደብተር ቀለም።

“በሕይወት አለ” አለ ተክሌ። “ክሎሮኪኑ አልገደለውም።”

እልል ልል ነበር። ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ክፉ ዜና እኮ ነው። ግን ድካም አይደለም! አይደለም ብያለሁ!

አቶ ጥዑመልሳን ሰማያዊውን ብዙ አየው። ራሱ በመኪናው ክሊኒክ አደረሰን፣ ለኃላፊው ራሱ አስረዳ። ኛሙዎን ጠንከር ያለውን የወባ መድኃኒት፣ ኩዊኒን ጀመረች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጆሮዋ ይጮሃል፣ ኩዊኒኑ ነው አሉ። ትኩሳቱ ግን ወርዷል። የተልባውን አጥሚት ጨርሳ ሌላ አለሽ ወይ አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጠርሙሶቹ ተወሰዱ። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ሌላ ፍሪጅ ተገኝቷል፣ ቁልፍ የማትደብቅ ሴት ያለችበት መሆን አለበት። ይሁን። ተክሌ ግን ቤቱን አልለቀቀም፣ እዚሁ ነኝ ብሏል።

አቶ ጥዑመልሳን ሊሰናበት ገብቶ ለስላሳ ጠጣ። ኛሙዎንም በእግሯ መጥታ ኛዴንግን ታጠባለች። እሱ አላያትም መሰለኝ፣ ወደኔ ዞር ብሎ እንዲህ አለኝ፦

“ወይዘሮ አልማዜ፣ እንዳይከፋዎት። ያቺ ሴትዮ ለጥናቱ አትቆጠርም።”

ኛሙዎን ሰማችው። ልጇን ወደ ሌላኛው ጡት አዞረችና፣ “አልቆጠርም?” አለችው። “እሺ ጌታዬ። ይቺን ማነው ታዲያ የሚያጠባት?”